የባለ አስር ጎማ ቦቴ 60 ዳዶ፦ የማጥበቅ ሥራ ማስታወሻ

ሰኞ፣ ከመፈታቱ በፊት

መኪናው ባለ አስር ጎማ የውሃ ቦቴ ነው። በአዲስ አበባ በሜክሲኮ፣ በልደታና በለገሃር ዙሪያ ላሉ የግንባታ ቦታዎች ውሃ ያመላልሳል። ሥራው የሚካሄደው ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ባለ ጋራዥ ነው። ፊት ሁለት ነጠላ፣ ኋላ አራት መንታ፤ ስድስት ቦታ፣ በእያንዳንዱ 10 ብሎን፣ በጠቅላላው 60 ዳዶ (ብሎኑ ላይ ተሽከርክሮ ጎማውን የሚያጠብቅ ፍሬ)። ብሎኖቹ የተደረደሩበት ክብ ስፋት 335 ሚሊሜትር፣ ብሎኑ 22 ሚሊሜትር ውፍረትና 1.5 ሚሊሜትር የጥርስ ርቀት ያለው ነው። ዳዶው በ32 ቡሶላ የሚዞር ሲሆን ሮንዴላው (ክብ ጠፍጣፋ ብረት) ከሥሩ ተያይዞ ለብቻው ይሽከረከራል። ጎማው 12.00 አር 20፣ ቸርኬው (ጎማው የሚቀመጥበት ብረት) ባለ ቀለበት፣ ማለትም ጎማውን የሚያስቀረው ለብቻው የሚወጣ የብረት ቀለበት ነው።

የመጣበት ችግር አንድ ነው፦ የኋላ ግራ፣ የመጀመሪያው አክስል መንታ ጎማ ዳዶዎች ይላላሉ። በአንድ ወር ሦስት ጊዜ ተጠብቀዋል፤ በየጊዜውም መፍቻው ላይ የሚሰካው ቱቦ እየረዘመ ሄዷል። መላላቱ ግን አልቆመም። ጉዳዩ የጉልበት ማነስ ቢሆን ኖሮ ገና በሁለተኛው ቱቦ ይቆም ነበር።

መኪናው ሳይታጠብ ነው የታየው። ለዳዶ ምርመራ ቆሻሻው ራሱ ይናገራል። ከዳዶ ሥር ወደ ውጭ የተዘረጋ ቀይ የዝገት መስመር ካለ ዳዶው ይንቀሳቀሳል ማለት ነው። በሮንዴላው ዙሪያ የተወለወለ የመሰለ ብረት ከታየ ቸርኬው እየተፋተገ ነው። ከብሎን ቀዳዳ የሚነሳ ቀጭን መስመር ስንጥቅ ነው፤ እንዲህ ያለ ቸርኬ ይጣላል፣ አይበየድም። ቀዳዳው ክብነቱን ለቆ ሞላላ ከሆነም እንደዚያው።

የተገኘው፦ በኋላ ግራ ከ10ሩ ዳዶ 4ቱ የዝገት መስመር አላቸው፤ አንድ ብሎን ተቆርጦ ቦታው ባዶ ነው። ስንጥቅ የለም። የፊት ሁለቱ ደህና ይመስላሉ። በአራቱም የኋላ ቦታዎች ቸርኬው በቅርቡ ተቀብቷል። ለቦሎ ምርመራ መኪና ሲዘጋጅ ቸርኬ መቀባት የተለመደ ነው። እዚህ ግን ብሩሹ ዳዶው የሚያርፍበትን ቦታም አልዘለለም፤ ቸርኬው ከታንቡሮው (ከፍሬኑ ከበሮ) ጋር የሚገጥምበት ጀርባም ተቀብቷል። ይህ ተመዝግቦ ይቆይ።

ማክሰኞ፣ መፍታት

መጀመሪያ ታንከሩ ባዶ ተደረገ። አንድ ሺህ ሊትር ውሃ አንድ ቶን ነው፤ ያንን በክሪክ ላይ መያዝ አያስፈልግም። በፊት ጎማዎች ከፊትም ከኋላም ታኮ ተደረገ፣ የእጅ ፍሬን ተያዘ።

ቀጥሎ የሁለቱም መንታ ጎማዎች አየር ሙሉ በሙሉ ወጣ፣ የቫልቩ ውስጠኛ ክፍልም ተፈትቶ ወጣ። ብዙ ቦታ ይህ ይታለፋል። ባለ ቀለበት ቸርኬ ቢዝግ ወይም ቢሰነጠቅ አንዳንዴ ቀለበቱን በቦታው ይዞ የሚቆየው የመንታው ጎማና የዳዶዎቹ መጨበጥ ብቻ ነው። አየሩ እያለ ዳዶ ከተፈታ ቀለበቱ ሰው ሊገድል ይችላል። አሥር ደቂቃ የሚወስድ ሥራ ነው፤ ማንም ሾፌር ቢቸኩል አይታለፍም።

ዳዶዎቹ ጎማው መሬት ላይ እያለ ግማሽ ዙር ላሉ፤ ከዚያ በኋላ ክሪክ ገባ። ክሪኩ ከአክስሉ ሥር፣ ከታች ወፍራም ብረት ተነጥፎለት። የጋራዡ ወለል አፈር ስለሆነ ብረቱ ባይኖር ክሪኩ ይሰምጣል። ከተነሳ በኋላ የብረት ድጋፍ ገባ፤ በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር እጅ አይገባም።

ዳዶዎቹ ግማሽ ዙር ከመላላታቸው በፊት አንድ ሙከራ ተደርጎ ነበር። ቶርክ ሬንች (የማጥበቂያ ጉልበት የሚለካ መፍቻ) የጠበቀ ዳዶ ላይ ገብቶ "ቀጭ" ካለ የሚነግረው ዳዶው ቢያንስ ያን ያህል መጥበቁን ብቻ ነው። እጥፍ ጠብቆ ከሆነም ያው ቀጭ ይላል። ስለዚህ ከዳዶው ወደ ቸርኬው በቀለም አንድ መስመር ይሰመራል፤ ዳዶው ሩብ ዙር ይላላል፤ እንደገና የዚህ ቦቴ ልክ በሆነው 600 ኒውተን ሜትር (የማዞሪያ ጉልበት መለኪያ) ይጠበቃል። የዳዶው መስመር ከቸርኬው መስመር ሳይደርስ ቀጭ ካለ ቀድሞ ከልክ በላይ ጠብቆ ነበር፤ አልፎ ከሄደ ላልቶ ነበር። ዝገትና ቆሻሻ ስላለ ውጤቱ ሻካራ ግምት ነው፣ ለመለየት ግን ይበቃል።

በኋላ ቀኝ 7 ዳዶዎች ከመስመሩ በፊት ቆሙ። በኋላ ግራ ከ9ኙ 6ቱ መስመሩን አልፈው ሄዱ። ሁለቱንም ያጠበቀው አንድ ሰው፣ አንድ ቱቦ ነው። ሒሳቡም ይህን ያሳያል፦ 70 ኪሎ ሰው 1.5 ሜትር ቱቦ ጫፍ ላይ ሲቆም 1,030 ኒውተን ሜትር ገደማ ይሰጣል፤ ቢዘልበት ከዚያም ይበልጣል። ቱቦ ጉልበት ይጨምራል እንጂ አይለካም።

በእጅ የሚዞረው ባለ ማርሽ መፍቻም እንዲሁ ነው። ለመፍታት ግሩም ዕቃ ነው፣ የዛገ ዳዶ በአንድ እጅ ያወጣል። ለማጥበቅ ግን ስንት እንደደረሰ እጅ ጨርሶ አይሰማውም። በዚህ ሥራ ለመፍቻነት ብቻ አገልግሏል።

ረቡዕ፣ መፋቅ

ዋናው ሥራ ይህ ነው። የማጥበቁ ቀን ከዚህ ቀን ይቀላል።

ዳዶ ጎማን የሚይዘው ብሎኑን እንደ ስፕሪንግ በመለጠጥ ነው። የተለጠጠው ብሎን ለመመለስ ሲታገል ቸርኬውን ታንቡሮው ላይ ይጫናል፤ ጭነቱን የሚሸከመው በዚያ መጫን የሚፈጠረው ሰበቃ ነው። 600 ኒውተን ሜትር በአንድ 22 ሚሊሜትር ብሎን ላይ እንደ ሰበቃው ሁኔታ ከ13 እስከ 18 ቶን የሚሆን መጨበጥ ያመጣል። ይህን ሁሉ የሚይዘው የብሎኑ መለጠጥ ግን አንድ አሥረኛ ሚሊሜትር ገደማ ነው። አንድ አሥረኛ ብቻ።

አሁን ቀለሙን እናስብ። መንታ ጎማ ላይ የውስጠኛው ቸርኬ ሁለት ገጽ፣ የውጭው ቸርኬ ሁለት ገጽ፣ ከዚያ የታንቡሮው ገጽ አለ። በብሩሽ ሁለቴ የተቀባ ቀለም በአንድ ገጽ እስከ 0.1 ሚሊሜትር ሊደርስ ይችላል። መኪናው ሲሄድ፣ ፍሬን ሲሞቅ፣ ቀለሙ ይለሰልስና ይጨፈለቃል። የተጨፈለቀው ውፍረት በቀጥታ ከብሎኑ መለጠጥ ላይ ይቀነሳል። ዳዶው አንድ ዲግሪ እንኳ ሳይዞር መጨበጡ ግማሽ ሊሆን ወይም ጨርሶ ሊጠፋ ይችላል። ቱቦ ማስረዘም ያልረዳው በዚህ ነው፦ ሲጠበቅ ቀለሙ ላይ ይጠብቃል፣ ቀለሙ ሲሄድ መጥበቁም ይሄዳል። ዝገት፣ ደረቅ ጭቃ፣ የድሮ ግራሶም ያው ናቸው።

የተሠራው፦ በኋላ ግራ የሁለቱም ቸርኬ መግጠሚያ ገጾች ቀለም በቲነር ተለስልሶ በመፋቂያ ወጣ፣ ቀጥሎ በግራይንደር የሚታሰር የሽቦ ብሩሽ። የግራይንደር ድንጋይ አይገባም፤ ብረቱን ይቆርጥና ገጹን ያጎደጉደዋል። ከዳዶው ሥር ያለው ክብ ቦታም እንዲሁ ተፋቀ። ሃቡ (ጎማው የሚታሰርበት መሃል) ላይ ቸርኬውን መሃል የሚያስይዙት ጉብታዎች ዝገታቸው ተፍቆ በጣም ስስ ግራሶ ተቀቡ። ግራሶው ወደ መግጠሚያው ገጽ ከፈሰሰ ይጠረጋል፤ ያ ገጽ ደረቅ መሆን አለበት።

ከዚያ ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ በታንቡሮው ገጽ ላይ ተጋድሞ ከጀርባ በባትሪ ታየ። ብሎን በተቆረጠበት ቀዳዳ ዙሪያ ብረቱ ወደ ላይ አብጧል፤ ማስመሪያው እዚያ ላይ ይወዛወዛል። በጠፍጣፋ ሞረድ ቀስ ተብሎ ዝቅ ተደረገ። ቀለሙ ብቻ ተፍቆ ይህ እብጠት ቢቀር ሥራው ሁሉ ከንቱ ነበር።

ለአንድ መንታ ቦታ ሦስት ሰዓት ተኩል ወሰደ። ጊዜ አጠረ ተብሎ የቀኝ በኩሉና ሁለተኛው አክስል ለዛሬ ታለፉ። ስህተት ነበር፤ በሁለተኛው ሳምንት ይመጣል።

ሐሙስ፣ ዕቃ

ደንቡ፦ አንድ ብሎን ከተቆረጠ እሱና በግራ ቀኙ ያሉት ሁለቱ ይቀየራሉ፣ የተቆረጠውን ጭነት የተሸከሙት እነሱ ናቸውና። ሁለትና ከዚያ በላይ ከተቆረጡ ሁሉም ይቀየራሉ።

የቀሩት 9 ብሎኖች አንድ በአንድ ተፈተሹ። አዲስ ብሎን ከአሮጌው ጎን ለጎን ተደርጎ ጥርስ በጥርስ ይገጠማል፤ ወደ ብርሃን ተይዞ ይታያል። ጥርሶቹ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከተቃቀፉ ደህና ነው። በመሃል ብርሃን ከገባ ብሎኑ ተለጥጦ ቀርቷል፣ ከእንግዲህ ስፕሪንግ አይሆንም። ሁለተኛው ሙከራ፦ ንጹሕ ዳዶ በእጅ እስከ ሥሩ መግባት አለበት። እዚህ 2 ብሎኖች ብርሃን አስገቡ። ስለዚህ አስሩም ይቀየሩ ተባለ።

ግዢው ከሱማሌ ተራ የመለዋወጫ ገበያ ነው። የመጀመሪያው ግዢ በዓይን ልክ ተደረገ፤ ርዝመቱም ጥርሱም ትክክል ነበር። ከጭንቅላቱ ሥር ያለው፣ ሃቡ ውስጥ ነክሶ የሚይዘው ጎርባጣ ክፍል ግን ትንሽ ቀጠነ። ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ በባዶው ይዞራል። ተመለሰ። ሁለተኛው ጊዜ አሮጌው ብሎን በእጅ ተይዞ፣ ጎርባጣው ክፍል በካሊፐር ተለክቶ ተገዛ። በጭንቅላቱ ላይ 10.9 (የብረቱ የጥንካሬ ደረጃ) መጻፉ ታየ። ቶርኖ ቤት ከተራ ብረት ተቆርጦ የሚሠራ ብሎን ለዚህ ቦታ አይሆንም፤ መጠኑ ቢገጥም እንኳ ብረቱ ያንን መለጠጥ አይችልም፣ ተቆርጦ የወጣ ጥርስም እንደ ተጨፍልቆ የወጣው አይጠነክርም።

ዳዶም አብሮ ተገዛ። ሮንዴላው በጣት ሲገፋ በነፃ የማይሽከረከር ዳዶ አይወሰድም። ከምናለሽ ተራ የተገኘ አሮጌ ዳዶ ቀርቦ ነበር፤ ግማሾቹ ሮንዴላቸው ስለተነከሰ ቀሩ።

ብሎኖቹ በፕሬስ ገቡ። ዳዶ አስሮ በኢምፓክት (እየመታ በሚያዞር መፍቻ) መሳብ ይቻላል፣ ግን ብሎኑን ገና ከመጀመሪያው ይለጥጠዋል። ጭንቅላቱ ከሃቡ ጋር ሙሉ በሙሉ መቀመጡ በስስ የልኬት ቅጠል ተፈተሸ፤ ቅጠሉ ከገባ ገና አልተቀመጠም።

እስካሁን የወጣው፦ 10 ብሎን፣ 12 ዳዶ፣ ግማሽ ሊትር ቲነር፣ ሁለት የሽቦ ብሩሽ፣ አንድ የቀለም ብዕር። ቶርክ ሬንቹ ከጋራዡ ነው። ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ወጪ ቦቴው የቆመበት አራት ቀን ነው።

ዓርብ፣ ማጥበቅ

ሃቡ ዞሮ ከጉብታዎቹ አንዱ ሽቅብ፣ ልክ ከላይ እንዲሆን ተደረገ። ከ100 ኪሎ በላይ የሆነው ጎማ ሲሰቀል በዚያ ጉብታ ላይ ተቀምጦ ከመሃሉ አይንሸራተትም። የውስጠኛው ገባ፣ የውጭው ቀጠለ፣ የሁለቱ ቫልቮች ተቃራኒ ሆኑ።

ዘይት፦ በብሎኑ የመጀመሪያ ጥርሶች ላይ ሁለት ጠብታ፣ በዳዶውና በሮንዴላው መካከል ሁለት ጠብታ። ሌላ የትም አይነካም፤ ሮንዴላው ቸርኬውን በሚነካበት በኩል ዘይት የለም። ምክንያቱ፦ ከማዞሪያው ጉልበት አሥር እጅ ዘጠኙ ገደማ በሰበቃ ይበላል፣ ብሎን የሚለጥጠው አንድ እጁ ብቻ ነው። ሰበቃው ትንሽ ሲቀየር ያ አንድ እጅ በብዙ ይቀየራል። ደረቅ ዳዶና የተቀባ ዳዶ በአንድ ዓይነት 600 ሲጠብቁ የሚሰጡት መጨበጥ አንድ አይደለም። ወይ ሁሉም ይቀባሉ፣ ወይ ሁሉም አይቀቡም። አሥሩ ላይ ግማሹን መቀባት ከሁሉ የከፋ ነው።

ዳዶዎቹ መጀመሪያ በእጅ ገቡ። ኢምፓክት የመጀመሪያውን ጥርስ አጣሞ ቢያስገባ አይታወቅም፣ እጅ ግን ወዲያው ያውቀዋል። ከዚያ በሰዓት አቅጣጫ ከ1 እስከ 10 ተቆጥረው በዚህ ቅደም ተከተል ጠበቁ፦ 1፣ 6፣ 3፣ 8፣ 5፣ 10፣ 7፣ 2፣ 9፣ 4። ቁጥሩ በጠመኔ ቸርኬው ላይ ተጻፈ፣ ካልተጻፈ ይረሳል። በተከታታይ ዙሪያውን ከተጠበቀ ቸርኬው በአንድ በኩል ቀድሞ ይቀመጥና ሌላው በኩል ክፍተት ይቀራል።

በሦስት ዙር ነው። መጀመሪያ 70 ኒውተን ሜትር፣ ጎማው በአየር ላይ እያለ፤ እዚህ ላይ ጎማው በእጅ ዞሮ መወላገዱ ይታያል። ሁለተኛው 270። ሦስተኛው 600፣ ጎማው መሬት ነክቶ እንዳይዞር ተደርጎ። በመጨረሻ አንድ ጊዜ በዙሪያው በተከታታይ 600 ይፈተሻል፣ የኋለኞቹ ሲጠብቁ የፊተኞቹ ትንሽ ይለቃሉና።

ስህተት፦ ቶርክ ሬንቹ ሁለት መስፈሪያ አለው፣ አንዱ በኒውተን ሜትር፣ ሌላው በፓውንድ ጫማ። ሦስተኛው ዙር ሲጀመር 600 የተያዘው በፓውንድ ጫማው በኩል ነበር። ያ 813 ኒውተን ሜትር ነው። ረዳቱ "ይሄ ለምን ይህን ያህል ከበደ?" ብሎ ሲጠይቅ አራት ዳዶ አልፎ ነበር። በዘይት የተቀባ ብሎን በ813 ወደ መለጠጥ ወሰኑ ይጠጋል፤ በካሊፐር ሲለካ ልዩነት አልታየም፣ ይሁንና ጎማው እንደገና ወርዶ አራቱም ብሎኖች ተቀየሩ። አራት ብሎንና ግማሽ ቀን። የፓውንድ መስፈሪያው በጥቁር ፕላስተር ተሸፈነ። የጃፓን መሣሪያ ከሆነ ደግሞ በኪሎግራም-ኃይል ሜትር ይጻፋል፤ 600 ኒውተን ሜትር እዚያ ላይ 61 ነው።

ሲያበቃ ቶርክ ሬንቹ ወደ ዝቅተኛው ቁጥር ተመልሶ ተቀመጠ። በ600 ተወጥሮ ካደረ ስፕሪንጉ ይደክማል። ለመፍታትም አይሠራበትም።

ቅዳሜ፣ ቶርክ ሬንች በሌለበት

ቦቴው ጋራዥ በማይገባባቸው ቀናት ሾፌሩ የሚፈትሽበት መንገድ ያስፈልጋል። የተሞከረው፦ ጠንካራ የጎማ መፍቻ፣ ቱቦ ተሰክቶበት ከዳዶው መሃል በትክክል አንድ ሜትር ላይ ምልክት ተደረገ። መፍቻው አግድም ሆኖ፣ በምልክቱ ላይ ማንጠልጠያ ሚዛን ታስሮ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ተጎተተ። ሚዛኑ 61 ኪሎ ሲያነብ 600 ኒውተን ሜትር ነው። የቱቦው የራሱ ክብደት ትንሽ ይጨምራል፤ 5 ኪሎ የሚመዝን ቱቦ ከሆነ በሚዛኑ 58 ወይም 59 ላይ ይቆማል። መፍቻው ካዘነበለ ወይም ገመዱ ወደ ጎን ከተሳበ ልኬቱ ይሳሳታል።

ከቶርክ ሬንች ጋር ሲነጻጸር በተሞከሩት 5 ዳዶዎች ላይ ተቀራራቢ ነበር። የሚያስቸግረው ሚዛኑን መያዝና ማንበብ በአንድ ሰው አለመቻሉ ነው፤ ረዳት ያስፈልጋል።

በእያንዳንዱ ዳዶ ላይ ከዳዶው ወደ ቸርኬው ቢጫ መስመር ተሰመረ። መስመሩ ዳዶ መዞሩን ያሳያል፤ ቀለም ተጨፍልቆ መጨበጡ መጥፋቱን አያሳይም። ሾፌሩ መስመሩ ስላልተዛባ ብቻ "ደህና ነው" እንዳይል ይህ በግልጽ ተነገረው።

ሁለተኛ ሳምንት፣ ዳግም ማጥበቅ

ከተገጠመ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ውስጥ እንደገና ይጠበቃል። ለመሃል ከተማ ቦቴ ያ የአንድ ወይም የሁለት ቀን ሥራ ነው። እዚህ በ80 ኪሎ ሜትር ተደረገ፣ ማለዳ፣ ጎማው ቀዝቅዞ። ከማዘጋጃ ቤት በቸርችል ቁልቁል ወደ ለገሃር ሙሉ ውሃ ይዞ የወረደ መኪና ታንቡሮው እሳት ነው፤ በዚያ ሙቀት የተለካ ጥብቀት ሲቀዘቅዝ ሌላ ይሆናል።

ዳዶው መጀመሪያ አይላላም። ቶርክ ሬንቹ 600 ላይ ሆኖ ይሳባል፤ ቀጭ ከማለቱ በፊት ዳዶው ስንት ዞረ የሚለው ይጻፋል። በ1.5 ጥርስ 15 ዲግሪ ማለት 0.06 ሚሊሜትር ነው። መለጠጡ በአጠቃላይ አንድ አሥረኛ ከሆነ ይህ ቀላል አይደለም።

የተፋቀው ኋላ ግራ፦ ከ10ሩ 3ቱ ከ10 ዲግሪ በታች ተንቀሳቀሱ። ያልተፋቁት፣ ማክሰኞ ዕለት በልክ ብቻ የተጠበቁት ሦስቱ የኋላ ቦታዎች፦ ከ30ው ዳዶ 19ኙ ተንቀሳቅሰዋል፣ አንዳንዱ እስከ 25 ዲግሪ። ጥብቀቱ አንድ፣ ሬንቹ አንድ፤ ልዩነቱ ቀለሙ ነው። ረቡዕ የታለፈው ሥራ በሦስት ቀን ተሠራ፣ በቀን አንድ ቦታ። የፊቶቹም ተፈትተው ታዩ፣ ንጹሕ ስለነበሩ ሳይነኩ ተመለሱ።

ለብቻው የሚጻፍ፣ ስለ አይሱዙ

በዚያው ሳምንት አጠገብ የቆመ አይሱዙ ላይ ይኸው ዘዴ ሊሞከር ነበር። አይሆንም። የቆየው የጃፓን አሠራር በመንታ ጎማ ላይ ሁለት ዳዶ አለው፦ ውስጠኛውን ቸርኬ የሚይዝ ባለ 21 አራት ማዕዘን ጫፍ ዳዶ፣ በእሱ ላይ የሚገባ ባለ 41 የውጭ ዳዶ። የግራ ጎን ጥርስ ግልብጥ ነው፤ ብሎኑ ጫፍ ላይ የግራ ምልክት ተመቷል። ይህን ሳያይ በኢምፓክት የሚፈታ ሰው እያጠበቀ ብሎን ይቆርጣል።

ዳግም ሲጠበቅ የውጩን ብቻ መሳብ ምንም አይነግርም፣ ውስጠኛው ላልቶ ሊሆን ይችላል። የውጭ ዳዶዎች አንዱን ዘሎ አንዱ ይላላሉ፣ ውስጠኞቻቸው ይጠበቃሉ፣ የውጩ ይመለሳል፤ ከዚያ የቀሩት ግማሾች። ሁሉንም አንድ ላይ ማላላት ጎማውን ከቦታው ያነሳዋል። የዘይትና የጥብቀት ልኩም የዚህ ቦቴ አይደለም፣ ከመኪናው መመሪያ ይወሰዳል።

ሦስተኛ ሳምንት

ከሁሉም መፋቅ በኋላ በ90 ኪሎ ሜትር ተፈተሸ። ከ60ው 4 ዳዶ ተንቀሳቀሰ፣ ሁሉም ከ10 ዲግሪ በታች። ኋላ ግራ ላይ አንድም የለም። በ500 ኪሎ ሜትር ገደማ እንደገና፦ 1 ዳዶ፣ የኋላ ቀኝ ሁለተኛ አክስል ቁጥር 7፣ 5 ዲግሪ። ይህ ቁጥር 7 በቀደመውም ጊዜ ተንቀሳቅሷል። ዳዶው ወጥቶ ሲታይ ሮንዴላው በአንድ በኩል ተነክሶ ነበር፤ ከትርፎቹ በአንዱ ተቀየረ። ቁጥር 7 ከነገ ወዲያ ጠዋት ለብቻው ይታያል።